ከደመናው በላይ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። ውጭ ዝናብ እየጣለ ስለሆነ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ። የማወራውም ስለ ዝናብ ነውና ያግዘኝ ይሆናል።

ኔፓል የሄድኩት ተራራ ለማየት ነበር። የጀርባ ቦርሳዬን አዝዬ ፖክሃራ ስገባ ሰኔ ነው። ሰኔን የመረጥኩት ሁሉም ነገር ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ለምን እንደሚረክስ ግን አልጠየቅኩም። ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ እዚያ ሲደርስ ከአናፑርና ተራሮች ጋር ይላተማል። ከፊታቸው ቆሞ የሚያዘገየው ሌላ ከፍ ያለ ሰንሰለት የለም። ስለዚህ የተሸከመውን እዚያው ያራግፈዋል፤ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ፣ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ገደማ። አራት ቀን ተቀምጬ ያየሁት ግራጫ ግድግዳ ብቻ ነው።

ተናድጄ ወደ ካትማንዱ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኛ ግን ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ቆምን። ሾፌሩ ለሌሎቹ በቋንቋቸው ሲያስረዳ ቆይቶ ለእኔ ሲደርስ መዳፉን ከላይ ወደ ታች ሸርተት አደረገልኝ። ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘግቶታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘንቢሏን አንስታ «ታል» አለችኝ፤ ሐይቅ ማለቷ ነው። ሌላ ሐሳብ ስላልነበረኝ ተከተልኳት። ቤግናስ የገባሁት እንዲህ ነው። አንድ አጭር የገበያ መንገድ፣ ዳር ላይ የታሰሩ ጀልባዎች፣ ከዚያ ውኃ። ሌላ የምነግራችሁ ነገር የለውም፤ ደግነቱም እሱ ነው።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ስሟን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። እዚያ አገር ታላቅ ሴት «ዲዲ» ናት፣ ታናሽ «ባሂኒ»። በእትዬና በጋሼ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቡናዬን ሳልጨርስ ባሂኒ ሆንኩ፤ ባሂኒ ስሆን ደግሞ ማጀት መግባት ተፈቀደልኝ።

እንግድነቴ ግን አልለቀቀኝም። በየማለዳው ሰገነቱ ላይ ቆሜ ወደ ሰሜን አፈጥጣለሁ። ከሐይቁ ማዶ ኮረብታ አለ፣ ኮረብታው ላይ ደመና ተጋድሟል፣ በቃ። «ማቻፑችሬስ?» ስላት ዲዲ ዞር ሳትል በጭልፋዋ ወደዚያ ትጠቁመኛለች። ስሙ የዓሣ ጅራት ማለት ነው፤ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ 6,993 ሜትር የሚረዝም ተራራ ነው። መንገዱ በማንኛውም ሰዓት ይከፈታል ብዬ ቦርሳዬን እንኳ አልፈታሁም ነበር፤ ካልሲ ስፈልግ እጄን ሰድጄ እየዳበስኩ አወጣለሁ።

በአራተኛው ቀን ዲዲ የቀን መቁጠሪያዋን አሳየችኝ። «አሳር» የሚሉት ወራቸው 15ኛ ቀን፣ የሩዝ መትከያ ቀን። ዓመቱን ሳየው ሳቄ መጣ። እኛ ከፈረንጆቹ ወደ ኋላ ቀርተናል፣ ኔፓሎች ደግሞ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ በዚያ ወር በእኔና በእሷ መካከል 65 ዓመት አለ።

ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ጭቃው ለብ ያለ ነው፤ እሱን አልጠበቅኩም። ችግኙን በግራ እጅ እቅፍ አድርጋችሁ ሦስት አራቱን ትመዝዛላችሁ፣ ሥሩን በአውራ ጣት ጭቃው ውስጥ ትሰኩታላችሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትራመዳላችሁ። ወደ ፊት የሄደ የተከለውን ይረግጣል። ሴቶቹ እየዘፈኑ ይተክላሉ። የእኔ ችግኝ ግን ገና ዞር ሳልል ይንሳፈፋል፤ ከጎኔ ያሉት አሮጊት ምንም ሳይሉ እያነሱ መልሰው ይተክሉታል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ አልቅት ተጣብቆ አገኘሁ። ዲዲ በጨርቅ ከቋጠረችው ጨው ቆንጠር አድርጋ ነካችውና ወደቀ፤ ደሙ ግን እስከ ምሳ አልቆመም። ምሳው እርጎ በተዳመጠ ሩዝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ከሰዓት በኋላ አጎንብሼ ሳለሁ ዲዲ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። «ባሂኒ፣ ማቻፑችሬ!» ወደ ለመድኩት ቦታ አየሁ። ያው ኮረብታ፣ ያው ደመና። አገጬን በጭቃማ ጣቷ ያዘችና ወደ ላይ ቀና አደረገችው።

ከደመናው በላይ፣ እኔ ሰማይ ነው ብዬ በተውኩት ቦታ፣ ነጭ ሹል ነገር ቆሟል። ስንት ቀን ሙሉ የማፈጥጠው ዝቅ ብዬ ነበር! ሐይቁ ያለው 650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ተራራው በቀጥታ ቢለካ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ጫፉ ግን ከራሴ በላይ ከስድስት ሺህ ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩን አውቀው ነበር፤ አንገቴ ግን አያውቀውም። በእነዚያ ማለዳዎች ስንት ጊዜ ከላይ ሆኖ አይቶኝ ይሆን?

በፈረንጆች 1957 ዊልፍሪድ ኖይስና ዴቪድ ኮክስ የሚባሉ እንግሊዛውያን ጫፉ ሊደርሱ 45 ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ተመልሰዋል። ተራራው ቅዱስ ስለሆነ ጫፉን ላይረግጡ ቃል ገብተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም መውጣት ክልክል ነው። ታሪኩን መጀመሪያ ሳነብ «ምን ዓይነት ሞኝነት ነው» ብያለሁ። ጭቃው ውስጥ ቆሜ ግን እንዲያ አላልኩም። ደመናው ተመልሶ ሲዘጋው ስልኬ ሰገነቱ ላይ ነበር።

መንገዱ በማግስቱ ተከፈተ። ልሸክፍ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት የሻጋታ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሁሉንም አውጥቼ፣ ቦርሳውንም ገልብጬ ሰገነቱ ላይ አሰጣሁት። ሱሪዬን አጥቤ ከጎኑ ሰቀልኩ። ዲዲ ገመዱን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ምንም አላለችም። ሱሪው ሊደርቅ ሦስት ቀን ፈጀበት። በአራተኛው ቀን ከማንሳቴ በፊት ዘነበበት።