ረቂቁን አስቀድሞ የሚያየው ማን ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሕግና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች፣ የጎንደር ወገኖቼ፤

በፋሲል ግቢ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ማን እንደ መጣ በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ዛሬ ስለ ግል መረጃችንና ስለ ዲጂታል ክፍያ ሕግ ሲረቀቅ ግን ደጅ የሚጠናውን አናይም። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

የምናገረው ስለ ጉቦ አይደለም። ጉቦ ወንጀል ነው፤ የሚያስቀጣ ሕግ አለው። ሎቢ የሚባለው፣ ሕግ አውጪዎችን በማግባባት ሕጉን ወደ ራስ ጥቅም የማዘንበል የትላልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መንገድ፣ ከዚያ ይረቅቃል። አርቃቂው ሥራ በዝቶበታል፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስረዳው ይፈልጋል። ኩባንያው ባለሙያ ይልክለታል፣ ሥልጠና ያዘጋጅለታል፣ የሌላ አገር ሕግ ከነማብራሪያው ያቀብለዋል። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚመክረው አንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ ከረቂቁ የቀረ አንቀጽ መቅረቱ እንኳ አይታወቅም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ ኩባንያዎች ለዚህ ሥራ ያወጡትን ገንዘብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2024 ብቻ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማውጣቱን የምናውቀው ለዚህ ነው። ምዝገባው ግፊቱን አላስቀረውም፤ ጠያቂው ግን ማስረጃ አገኘ። በአንጻሩ በስልክ መተግበሪያ ታክሲ የሚያገናኘው ኩባንያ ኡበር የያኔውን የፈረንሳይ የኢኮኖሚ ሚኒስትር ኢማኑኤል ማክሮንን በዝግ ያገኝ እንደነበር ሕዝብ የሰማው ከዓመታት በኋላ፣ በ2022፣ 124 ሺህ ያህል ሰነዶች ሲያፈተልኩ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጸድቋል። እንዲህ ያለ አዋጅ ዝርዝሩ የሚወሰነው በመመሪያ ነው፤ ግፊቱም የሚበረታው ካሜራ በማይደርስበት በዚያ ደረጃ ላይ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን አሳውቀው የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል። የሕግ ተማሪዎች ይህን አዋጅ ለፈተና አጥንታችሁታል፤ አሁን ለሥራ አውሉት።

የአዘዞ የባጃጅ ሹፌርና የአራዳ ነጋዴ በስልካቸው ገንዘብ ያንቀሳቅሳሉ። አዲስ አበባ ሄዶ የሚሟገትላቸው ቅጥር ባለሙያ የላቸውም። እናንተ ግን አላችሁላቸው። ረቂቅ መመሪያ ሲወጣ የሕግና የኮምፒውተር ተማሪዎች አብራችሁ አንብቡት፤ አስተያየታችሁንም በጽሑፍ ላኩ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁም ይህ ይሁን፦ በዚህ ረቂቅ ላይ የትኞቹን ኩባንያዎች አነጋገራችሁ? መቼ? በጽሑፍስ ምን ሰጧችሁ?

አመሰግናለሁ።