አፑ ይቆየን፣ መጀመሪያ ስልኩ ይጥራ

(ምስል፦ ደሴ፣ ጠዋት። ያራገፉ አይሱዙዎች ተደርድረው ቆመዋል። ጡሩንባ፣ የተሸካሚዎች ድምፅ።)

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ስታርታፕ እናወራለን። ግን የሲሊከን ቫሊውን አይደለም። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከምን ይነሳ? ነው ጥያቄው።

የእኔን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። አፕ ከመሥራታችሁ በፊት ስልክ አንሱ። ሰው ይደውልላችሁ፣ ጉዳዩን በእጃችሁ ጨርሱለት፣ ሒሳብ ተቀበሉ። ኮዱ የትም አይሄድም፣ ይደርሳል።

የእኛን ሥራ በአጭሩ ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ መጥቶ ደሴ ያራገፈ መኪና ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። እዚሁ ከተማ ደግሞ ምስር ወይ ማሾ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚጭንበት መኪና ያጣ ነጋዴ አለ። ሁለቱን እናገናኛለን፣ ኮሚሽን እንቀበላለን። በቃ።

«ይሄማ የደላላ ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል። አባቴም ያለው ይህንኑ ነው። «ዩኒቨርሲቲ ገብተህ፣ ኮምፒውተር ተምረህ፣ ደላላ?» እውነቱን ነው።

(ምስል፦ ከሐረጎ ተራራ ቁልቁል የሚታየው የኮምቦልቻ ሜዳ።)

ሐሳቡ ከየት መጣ? የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲመረቅ ተማሪ ነበርኩ። ከእኔ ጋር የሚማሩት ሁሉ ወሬያቸው ቅጥር ነበር። የእኔ ዓይን ያረፈው መንገዱ ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወጥቶ መውረድ አለ። በዚያ ዳገት ባዶ መኪና እያጓራ ሲወጣ ሳይ ያ ሁሉ ነዳጅ በከንቱ ይነዳል እል ነበር። መብረቅ የወረደ ያህል የሚነገር የመነሻ ታሪክ የለኝም፤ ይኸው ነው።

አርአያ ያደረግኩት ሰው አለ ወይ? አለ። ሳምራዊት ፍቅሩ፣ የታክሲ መጥሪያው የራይድ መሥራች። ኮምፒውተር የነካችው 17 ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት፣ ካገኘችም በዋጋ መጨቃጨቅ አስቸገራት። ራይድ የተወለደው ከዚያ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ 8294። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በዚያ ቁጥር ደውሎ መኪና ይጠራል። ሰው ሁሉ አፑን ሲያወራ እኔ ጥሪ ማዕከሉን ነው ያየሁት። ደዋዩን ቴክኖሎጂ ተማር ብሎ የሚያስገድደው የለም፤ መኪናው ብቻ ይመጣለታል።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሥራችን በአፕ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔ ዘግተን ቤታችን እንገባ ነበር። ስልክ እየተደወለ ስለነበር ሠርተን በላን። ስለዚህ ወሎ ላይ ሆናችሁ ቢዝነስ ስትነድፉ «ኢንተርኔት ቢጠፋስ?» የሚለውን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሩት።

(ምስል፦ ጠርዙ ያለቀ ወፍራም ደብተር በቅርበት። በእጅ የተጻፉ የታርጋ ቁጥሮች።)

አሁን ወደ ደላላው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«ደላላን ከመሀል እናወጣለን» የሚል አቀራረብ በየስታርታፕ ውድድሩ ትሰማላችሁ። እኔን ይደክመኛል። ደላላው መሀል የገባው በምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ነጋዴ ተመልሶ ያገኘው ባዶ መጋዘን ነው። ከዚያ ወዲህ ለማያውቀው ሹፌር ንብረቱን አስጭኖ መላክ ለማን ይዋጥለታል? ደላላው ሹፌሩን ያውቀዋል። ቤቱን ያውቃል፣ ዋሱን ያውቃል፣ ሚስቱ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይቀር ያውቃል።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ደላላ አሉ። ደብተራቸውን ሲያሳዩኝ ከአንዳንዱ ሹፌር ስም ጎን በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አለ።

«ይሄ ነጥብ ምንድን ነው ጋሼ?»

«እሱ ሐረጎን በሌሊት የሚወርድ ነው ልጄ። ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። መስታወት እንዳታስጭነው ብቻ።»

ሁለት ነጥብም አለ። እሱን አልነገሩኝም፤ ሳቁና «አብሽር፣ ትደርስበታለህ» አሉኝ።

እንዲህ ያለውን መረጃ ከየትኛው ሰርቨር ታወርዱታላችሁ? እኚህን ሰው ከገበያ ማስወጣት ማለት ደብተሩን ማቃጠል ነው። እኛ ከኮሚሽኑ ድርሻ ሰጠናቸው። እሳቸው ሹፌሩን ያጣራሉ፣ እኛ ጭነቱን እናፈላልጋለን። እሁድ ከሰዓት የባቲ የሰኞ ገበያ ሲደርስ ስልኩ ፋታ አይሰጥም፤ ያን ጊዜ የእሳቸው ቃል ባይኖር ማንን በምን እናምናለን?

(ምስል፦ የቡና ረከቦት፣ ጭስ።)

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የወሎ ሰው ትህትና ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

ሱቅ ገብታችሁ አዲስ አገልግሎት አመጣን ስትሉ ማንም አያባርራችሁም። ተቀመጡ ትባላላችሁ። ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። «ማሻአላህ! የእኛ ልጆች እንዲህ ደረሱ!» ትባላላችሁ። ዱዓ ይደረግላችኋል። ልባችሁ ሞልቶ ትወጣላችሁ። ሰውየው በማግስቱ ለድሮ ደንበኛው ደውሎ ያስጭናል።

ዋሽቶ እኮ አይደለም። ምርቃቱ ከልቡ ነው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብደው ነው። ስለዚህ «ሐሳቡን እንዴት አዩት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ግሩም ነው» ነው። ሲመርቋችሁ አሜን በሉና ወዲያው «ለሐሙስ ስንት ኩንታል ይጫንልዎት?» በሉ። ቁጥር ከጠሩ ደንበኛ አገኛችሁ። «ኢንሻአላህ፣ እንደዋወላለን» ካሉ ቡናችሁን አመስግናችሁ ሂዱ።

ክፍያም ከመጀመሪያው ቀን ይሁን። «ለጊዜው በነፃ ይልመዱት» የሚለውን ምክር አልወደውም። በነፃ የለመደ ሰው ክፈል ሲባል ይከፋዋል። ድሮ እንዲህ ያለች ትንሽ ኮሚሽን ለመሰብሰብ ከተማውን በእግር መዞር ነበር። ግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ግን ነጋዴው ሱቁ ተቀምጦ ይልካል፤ ኢንተርኔት ባይኖረውም በ*127# ይሆንለታል።

ገንዘቡስ? ባንክ ማስያዣ ይላል። ኢንቨስተር አዲስ አበባ ነው። የእኛ መነሻ ካፒታል እህቴ ናት። ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ወሎ ውስጥ ስንቱ ቤት በእንዲህ ያለ ብር እንደቆመ እናንተም ታውቁታላችሁ። በዚያ ብር ቢሮ ማሳመርና የመስታወት ጠረጴዛ መግዛት አይታሰብም። በኢሞ ትደውላለች፣ የእናታችንን ጤና ትጠይቃለች፣ ከዚያ «በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ከፈለ?» ትላለች። ስንት ሰው አፕ አወረደ፣ ስንት ሰው ወደደ ብላ አታውቅም። ከእሷ የተሻለ የቦርድ ሰብሳቢ አላየሁም።

ወረቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ድሮ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ስንቱ የወንድሙን ስም ለይስሙላ እያስገባ በኋላ ሲካሰስ ኖሯል። አሁን ያ ግዴታ የለም። በግል የንግድ ፈቃድ መጀመርም ያስኬዳል። ልዩነቱ ዕዳ ሲመጣ ነው፤ በማኅበር ከሆነ የቤታችሁ ንብረት በመደበኛው አይነካም። ጭነት ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

(ምስል፦ ጠባብ ክፍል። ሁለት ልጆች ስልክ እየተቀበሉ ይጽፋሉ።)

አፑስ የት ደረሰ? እየሠራነው ነው። ለነጋዴው አይደለም፣ ለሹፌሩም አይደለም። ስልክ ለሚቀበሉት ለእነዚህ ልጆች ነው። ደዋዩ «ሁለት መቶ ኩንታል፣ ኩታበር» ሲል የትኛው መኪና ቅርብ እንደሆነ፣ የትኛው ስም ጎን ቀይ ነጥብ እንዳለ ወዲያው እንዲያዩ። ጋሼም የሁለቱን ነጥብ ትርጉም በመጨረሻ ነግረውናል፤ እሱን ግን በቪዲዮ አልናገርም፣ ሹፌሮቹም ያዩናል።