አንገት ለአንጎል የሚነግረው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከሐሳቤ ያልወጣ ነገር ስላለ ብቻዬን ላወራችሁ ነው። ስለ አንገት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር አብረን እንሞክር። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ለኋላ አቆዩት። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና ፊታችሁን የቻላችሁትን ያህል ወደ ቀኝ አዙሩ። እይታችሁ የት ድረስ እንደደረሰ ልብ በሉ። ተመለሱ። አሁን ስክሪን ላይ እንዳፈጠጠ ሰው አንገታችሁን ወደ ፊት አስግጉ። እንደሰገጋችሁ እንደገና ወደ ቀኝ ዙሩ። አብዛኞቻችሁ ቅድም የደረሳችሁበት አትደርሱም።

ለምን? አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። ጭንቅላት ወደ ፊት ሲሰግግ የታችኞቹ ያጎነብሳሉ። ዓይን ግን ፊት ለፊት ማየት ስላለበት የላይኞቹ ወደ ኋላ ይቀለበሳሉ። ፊታችንን ወደ ጎን ስናዞር ደግሞ ግማሽ ያህሉ እንቅስቃሴ የሚገኘው ከላይ ባሉት 2 አጥንቶች መካከል ነው። እነሱ ተቀልብሰው ከተያዙ መዞሩ ይከብዳል።

ስለ አቀማመጥ ሲወራ 27 ኪሎ የምትለዋን ቁጥር ሳትሰሙ አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ስሌት ነው። 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ጭንቅላት 60 ዲግሪ ሲያቀረቅር አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ይደርሳል ይላል። በሞዴል የተሰላ እንጂ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። ለእኔ ግን ክብደቱ የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው።

ትልቁ ይሄ ነው። ማጅራታችሁን ከራስ ቅል ሥር በጣታችሁ ጫን አድርጉት። እዚያ ውስጥ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። ጭንቅላትን ከማንቀሳቀስ ሌላ ሥራ አላቸው። ጡንቻው ምን ያህል እንደተሳበ የሚለኩ ጥቃቅን የስሜት ተቀባዮች እጅግ በብዛት ከታጨቁባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ እነሱ ናቸው። ጭንቅላት የት እንዳለ ለአንጎል ሳያቋርጡ ይነግራሉ።

ሚዛናችንን የምንጠብቀው ዓይን፣ የውስጠኛው ጆሮና ሰውነት የሚልኩትን አንጎል ሲያገጣጥመው ነው። የውስጠኛው ጆሮ ጭንቅላት ማዘንበሉን ያውቃል። ግን ያዘነበለው ጭንቅላቴ ብቻ ነው ወይስ ከነሰውነቴ እየወደቅኩ ነው? ይህን ብቻውን አይለይም። አንገት ሲጨመርበት ነው የሚለየው። ይህን መጀመሪያ ስረዳ በጣም ነው የገረመኝ።

እንግዲህ አንገት ለረጅም ጊዜ ሲሰግግ የማጅራት ጡንቻዎች አጥረው ይቆያሉ። ከፊት በኩል በጥልቀት ያሉት ይደክማሉ። የአንገት ጎንና የትከሻ ጡንቻዎች የእነሱን ሥራ ይሸከማሉ። ለአንጎል የሚሄደው መልእክትም ሊዛባ ይችላል።

አንድ ፊዚዮቴራፒስት ይህን አሳይቶኛል። ግንባሬ ላይ ትንሽ የሌዘር መብራት አሰረልኝና ከግድግዳው 90 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አስቀመጠኝ። ዓይንህን ጨፍን፣ ዙር፣ ወደነበርክበት ተመለስ አለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ቀይዋ ነጥብ መሃል ላይ አልነበረችም። እኔ ግን መሃል ነኝ ብዬ እምል ነበር። ስህተቱ ከ4.5 ዲግሪ፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ከ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካለፈ፣ የአንገት ስሜት እንደተዛባ ይቆጠራል። አንገታቸው የሰገገ ሰዎች በዚህ ፍተሻ የበለጠ እንደሚስቱ ያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ይህን የምላችሁ እንድትፈሩ አይደለም። አንገቱ ሰግጎ ምንም የማያመው ሰው ሞልቷል። ቀኑን ሙሉ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ መቀመጥም መድኃኒት አይደለም። ዋናው አቀማመጥን ቶሎ ቶሎ መቀያየር ነው። ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ ወይም የማይለቅ ማዞር ካለ ግን ሐኪም ይየው።

እኔ የምሠራውን ልንገራችሁ። በጀርባዬ እተኛና እሺ እንደሚል ሰው አገጬን በቀስታ ወደ ጉሮሮዬ አቀርባለሁ። 10 ሴኮንድ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ። ጭንቅላት ከመሬት አይነሳም፣ የአንገት ጎንም መወጠር የለበትም። ቀጥሎ እቀመጥና ግድግዳው ላይ ባለች ነጥብ ላይ ዓይኔን ተክዬ ጭንቅላቴን ብቻ ቀስ እያልኩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞራለሁ። ቀላል ይመስላል፤ ዓይን ግን አብሮ ለመሄድ ይታገላል። ከዞረባችሁ አቁሙና ትንሽ አርፋችሁ በዝግታ ቀጥሉ።