የሚሰበር ብሎን ፍለጋ ሶማሌ ተራ

(ምስል፦ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። መዳፍ ላይ ለሁለት የተቆረጠች ብሎን።)

ይቺ ብሎን ትናንት ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ እያሰርን ተቆረጠች። ማሽኑ ቀጥ አለ። መለዋወጫም አልያዝንም ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸው ዛሬ መርካቶ ነኝ።

ባለሱቁ አገላብጦ አያትና «ወንድሜ፣ ይቺማ ልፍስፍስ ናት። የማትሰበረዋን ልስጥህ?» አለኝ። ለኔ አስቦ ነው። ግን እሺ ብዬው ቢሆን ማሽኑን በገዛ እጄ በገደልኩት።

(ምስል፦ ማሽኑ ከጎን። ቮላኖው፣ ያ ከባዱ ዟሪ ብረት፣ በቀይ ተከቧል።)

የድርቆሽ ማሰሪያ ጉልበት የሚያገኘው ከትራክተሩ ኋላ ከሚወጣው ዘንግ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ዙሩ መጀመሪያ ቮላኖውን፣ ቀጥሎ ካምቢዮውን፣ ከዚያ ገፊውን ያገኛል። ገፊው ወዲያ ወዲህ እያለ ሣሩን ሳጥኑ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ብሎኗ ያለችው ቮላኖውና ካምቢዮው የሚያያዙበት ቦታ ላይ ነው። እንጨት ገብቶ ወይም ሣር ታጭቆ ገፊው ሲጨነቅ እሷ ትቆረጣለች። ቮላኖው ባዶውን ይዞራል፤ ሌላው ይቆማል። እሷ አልቆረጥም ካለች የካምቢዮው ጥርስ ይረግፋል፣ ወይ ሲባጎ የሚያመጡት መርፌዎች ይሰበራሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወጪ አታንሱብኝ።

ስለዚህ የብሎኗን ራስ እዩ። የጥንካሬዋ ቁጥር ተጽፎበታል። የማሽኑ መመሪያ 8.8 ካለ 10.9 አታስገቡ። ውፍረቷም ርዝመቷም ያው ይሁን።

ለመቀየር ስትጠጉ ግን ሞተሩ ስለጠፋ ብቻ እጅ አይገባም። ቮላኖው ከባድ ስለሆነ ትራክተሩ ከጠፋ በኋላም መዞሩን ይቀጥላል። ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ቮላኖው ፍጹም ሲቆም ብቻ ቅረቡ። ጋቢ የደረበ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠጋ!

በአንድ ቀን ሦስት ብሎን ከሄደ ጥፋቱ የብሎኗ አይደለም። መጀመሪያ ቢላዎቹን እዩ። አንዱ ገፊው ላይ፣ አንዱ ሳጥኑ ላይ ነው። በመሀላቸው ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ መሆን አለበት። ከደነዙ ወይም ከተራራቁ ሣሩ አይቆረጥም፤ ይጎተታል። የብሎኗ ቀዳዳ ሰፍቶም ሊሆን ይችላል።

(ምስል፦ ሲባጎ ቋጣሪው፣ በጣም ቀርቦ።)

አሁን የምወደው ክፍል። መርፌው ሲባጎውን ይዞ ከታች ይመጣል። ይቺ ምንቃር የምትመስል ብረት አንዴ ትዞርና ሲባጎውን ትጠቀልላለች፤ አፏን ከፍታ ጫፉን ትነክሳለች። ቢላዋ ይቆርጣል፣ ቋጠሮው ከምንቃሯ ላይ ሸርተት ይላል። ዓይን እስኪጨፈን አለቀ። ምንቃሯ ዝገት ከያዘች ቋጠሮው አልላቀቅም ይላል። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሷት። ብናኙን በየቀኑ አራግፉ። ማሽኑ ለክረምት ሲቆም ግራሶ ቀቧት። የኛዋ ባለፈው ክረምት ሳትቀባ ከርማ በጥቅምት ግማሹ እስር እየተፈታ አስቸገረን።

ኩሽኔታና ካቴናውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግራሶና ዘይት በሰዓቱ ማግኘት ነው።

ሣሩ ራሱስ? የጠዋቱ ጤዛ ሳይነሳ አትጀምሩ። አንድ እፍኝ ይዛችሁ ጠምዝዙት። አገዳው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከታሰረ ይሻግታል፣ ውስጡ ይግላል። ተከምሮ ራሱን በራሱ ሊያቃጥልም ይችላል። እጃችሁን እስሩ መሀል ስታስገቡ ሙቀት ከተሰማችሁ መጋዘን አታስገቡት።

(ምስል፦ ሱቁ። ብሎኖች በላስቲክ።)

አሥር ብሎን ገዛሁ፤ ያችኑ ልፍስፍሷን። ባለሱቁ ሒሳቡን እየተቀበለ «ስትሰበር እንዳትመጣብኝ እንግዲህ» አለኝ። አሥሩ ሲያልቁ እመጣለሁ።