ስሜ የለበትም ያለ አልበም

እንደምን አመሻችሁ፣ የሸክላ ወዳጆች! ልንሰማ ስለተሰበሰብን ወሬውን አሳጥራለሁ።

የዛሬው ሸክላ «አርዛኬል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዝ ውስጥ ወጣ። ባንዱ ከዚህ ሌላ አልበም የለውም። እንዲያውም ባንድ ማለትም ያስቸግራል፤ በዚህ ስም የተሰባሰቡት ለቀረጻው ብቻ ነው።

ታሪኩ ደስ ይላል። ጊታሪስቱ ስቲቭ ሂሌጅ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ዴቭ ስቱዋርት፣ ቤዚስቱ ሞንት ካምቤልና ድራመሩ ክላይቭ ብሩክስ ለንደን ውስጥ «ዩሪየል» የሚባል ባንድ ነበራቸው። አዎ፣ የእኛው ዑራኤል! በ1968 ሂሌጅ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሦስቱ «ኤግ» ተብለው ቀጠሉ፤ ከዴካ የሸክላ ኩባንያ ጋርም ተፈራረሙ።

በዚህ መሃል አንድ ትንሽ አሳታሚ የሳይኬደሊክ፣ ማለትም ሕልም የሚመስል የሮክ ሙዚቃ፣ ሸክላ ሥሩልኝ አላቸው። ልጆቹ ፈለጉ፤ ውሉ ግን አሰራቸው። ምን አደረጉ? ሂሌጅን ጠርተው የውሸት ስም አወጡ። ሂሌጅ ሲሚዮን ሳስፓሬላ፣ ስቱዋርት ሳም ሊ-አፍ፣ ብሩክስ ባሲል ዳውሊንግ ተባሉ። ካምቤል ደግሞ ንጄሮጊ ጋቴጋካ! የባንዱን ስም ከጨረቃ ላይ ወሰዱ፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በአንዳሉሲያው የከዋክብት ተመራማሪ በአል-ዘርቃሊ የተሰየመ ጉድጓድ አለ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብተው በአንድ ቀን ቀድተው ወጡ።

ብዙ ሰው ይህን ሸክላ የሚያነሳው ብርቅ ስለሆነ ነው። ሰብሳቢዎች ለመጀመሪያው ኅትመት ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። እኔን ዋጋው አያስደንቀኝም። የሚገርመኝ ድፍረቱ ነው። «ኤግ»ን የሰማችሁ ታውቃላችሁ፤ ምቱ የተወሳሰበ፣ ሁሉ ነገር በስሌት ነው። እዚህ ግን እነዚያው ሦስት ልጆች ልጓሙን ለቀዋል። ስሜ የለበትም ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚጫወተው። ዝግ ብሎ የሚሄደውን «አዛቶዝ» የሚለውን ሥራ ስሙ፤ የስቱዋርት ኦርጋን የቤተ ክርስቲያን ይመስልና መልሶ ያስፈራል። «ክሊን ኢኖሰንት ፈን» ላይ ደግሞ ሂሌጅ በብሉዝ ጀምሮ ጊታሩን የት እንደሚያደርሰው ታያላችሁ። ያኔ ገና አፍላ ጎረምሳ ነበር።

ሁሉም ወርቅ ነው አልልም። መጨረሻ ላይ ያለው «ሜተምሳይኮሲስ» ከ16 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ መሃሉ ላይ እኔ ብሆን መቀስ አነሳ ነበር። አጨራረሱ ግን ይክሳል።

ልጆቹ በኋላ በየፊናቸው ሄዱ። ሂሌጅ «ጎንግ» የሚባል ባንድ ገባ። ስቱዋርት ከባርባራ ጋስኪን ጋር በ1981 በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ያውም በፖፕ ዘፈን! ብሩክስ ለፒንክ ፍሎይድ ባንዱ ድራመር ለኒክ ሜሰን የድራም ቴክኒሺያን ሆኖ ሠራ፤ በ2017 አረፈ። በ2007 አልበሙ ዩሪየል በሚለው በቀድሞው ስማቸው እንደገና ታተመ።

በሉ፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳናቋርጥ ስለምናጫውት ቡና የሚፈልግ አሁኑኑ ይቅዳ።