የሕክምና ተማሪ ሰዓቱ የማን ነው?

[ምስል፦ የዶርም ጠረጴዛ፤ የተከመረ ሃንድአውት፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ የሚጠራ ስልክ]

«ዶክተሬ፣ ጠፋህ እኮ!» የምትል አክስት የሌለችው የሕክምና ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ገና አናቶሚ ሳይጀምር ዶክተር ትለዋለች፤ የግፊት መድኃኒቷን ፎቶ አንስታ ትልክለታለች፤ እሑድ ሰርግ ከቀረ ትቀየመዋለች። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማደሪያና ምግብ በወጪ መጋራት ቢሸፈንም፣ ለትራንስፖርትና ለፎቶኮፒ ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ልጅ ማስጠናት ይጀምራል። ያኔ ትምህርቱ፣ ዘመዱና ሥራው ይጋጩበታል።

ሁሉም «ፕሮግራም አውጣ» ይላል። አውጥቼ ነበር፤ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያሸበረቀ። ሳምንት አልቆየም። ስንት ሰዓት አለኝ ብዬ ስደምር፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

[ምስል፦ ሁለት የሰዓት ሰሌዳ ጎን ለጎን፤ አንዱ ሞልቷል፣ ሌላው የጥያቄ ምልክት ብቻ]

ፒሲ ላይ፣ ማለትም ዋርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ከመግባታችሁ በፊት፣ አናቶሚው፣ ፊዚዮሎጂው፣ ባዮኬሚስትሪው ይቆለላል። ይከብዳል፤ ግን ሌክቸርና ላቦራቶሪ ካለቀ ማታው የራሳችሁ ነው። ሲ ዋን፣ ማለትም የመጀመሪያው የዋርድ ዓመት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት ሞርኒንግ (የጠዋቱ ስብሰባ)፣ ቀጥሎ ራውንድ (ታካሚዎችን እየዞሩ ማየት)። ሲኒየሩ ሐኪም ከዘገየ ራውንዱም ይዘገያል። የተሰጣችሁን ታካሚ ታሪክ ጽፋችሁ ሳትጨርሱ መውጣት የለም። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ስትሆኑ ደግሞ ዱቲ (ተረኝነት) አለ፤ ሌሊቱም ይሄዳል።

ይህ የገባኝ አፍሬ ነው። ሲ ዋን፣ ሰርጀሪ (ቀዶ ሕክምና) ላይ እያለሁ ማክሰኞና ሐሙስ 11 ሰዓት የማስጠናው ልጅ ነበር። በሦስት ሳምንት አራት ቀን ቀረሁ። እናቱ አልተቆጡም፤ የወሩን ሙሉ ከፍለው «ልጄ፣ አንተ መጀመሪያ ትምህርትህን» አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ቅዳሜ ከሰዓትን ብቻ ነው፤ ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆችን አንድ ላይ። መጀመሪያውኑም «የማልመጣበት ቅዳሜ ይኖራል፣ ለእሱ አይከፈለኝም» ብዬ ተስማማሁ። ስለዚህ ሠርታችሁ ገንዘብ መያዝ ካለባችሁ ፒሲ ላይ ያዙ።

[ምስል፦ የተዘጋ ሃንድአውት፣ ባዶ ወረቀት]

የቀረችውን ሰዓት ደግሞ ብዙዎቻችን እናባክናታለን፤ ሃንድአውት ደጋግመን በማንበብ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ሁለቴ እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን አንዴ አንብበው፣ ዘግተው፣ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለቴ የተነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ሁለቴ ካነበቡት ያስታወሱት 42 ከመቶ ገደማ፣ ዘግተው ከጻፉት 56 ከመቶ ገደማ ሆነ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለን ለዚህ ነው፤ እዚያው ሳለን ያወቅን ይመስለናል። ዘግቶ ማስታወስ ጠረጴዛም አይፈልግም። 12ቱን የጭንቅላት ነርቮች ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በጣቴ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ፊቴ የቆሙት ሴትዮ ዳዊት የምደግም መስሏቸው ነበር።

ሰዉስ? ለቅሶ ቀን አይለወጥለትም፤ ሂዱ። ሰርግ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ በልቶ፣ መርቆ መውጣት ነውር አይደለም። ምሳችሁን ከባቻችሁ፣ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ብሉ፤ ሃንድአውቱ ይቆይ። ለቅሶ ስትሄዱ ስለ ታካሚያችሁ የሚነግራችሁ፣ ሞርኒንግ ላይ የተባለውን የሚያቀብላችሁ ያ አብሯችሁ የበላው ልጅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ይቀነስ ከተባለ እኔ የምቀንሰው ሥራውን ነው፤ ከቤት የሚላክ የሌለው ግን ይህን ምክር ሰምቶ ቢስቅብኝ አልቀየምም።

[ምስል፦ ረከቦት፣ የግፊት መለኪያ]

አክስቴን በተመለከተ፦ አንድ እሑድ የግፊት መለኪያ ይዤ ሄድኩላት። ቡና ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ሳይፈላ ለካሁ። ከዚያ ታሪክ መውሰድ ልለማመድባት ብዬ «ሕመሙ መቼ ጀመረሽ?» አልኳት። መልሱ ከአቦል እስከ በረካ ቆየ።