ሕጉን ማን ያወጣል? ገንዘቡ በማን እጅ ነው? የመጨረሻው ዳኛስ ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ጉዳያችን ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ የሚነሣው ግን ከደጃችን፣ ከአንጎለላ ነው። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንጎለላ ላይ ከብሪታንያ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። የመልእክተኞቹ አለቃ ካፒቴን ሃሪስ ይባላል። ይህ ሰው የተነሣው ከለንደን ሳይሆን ከቦምቤ ነው። ያኔ ሕንድን ይገዛ የነበረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚሉት የንግድ ድርጅት ነበር፤ ሃሪስም የኩባንያው ጦር መሐንዲስ ነበር። ያለፈባት የኤደን ወደብ በብሪታንያ እጅ ከገባች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ እሷም የምትታዘዘው ለቦምቤ ነበር። እንግዲህ ንጉሡ የተዋዋሉት ከማን ጋር ነው? ከዘውዱ? ከኩባንያው? ከቦምቤ ሹማምንት? ያ መንግሥት ያኔም ዛሬም አንድ ወጥ ሆኖ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ክፍሉ በየራሱ ውል የተያያዘ ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃንም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ የፌዴራሊዝም ክርክር በተነሣ ቁጥር ብሪታንያ ምሳሌ ሆና ትጠራለች። አንዱ «አራት አገር በአንድ ጥላ ሥር ይኖር የለም ወይ?» ይላል። ሌላው «ፌዴሬሽን ሳይሆኑ አይደል እንዴ የጸኑት!» ይላል። ሁለቱም ምሳሌውን ሳያገላብጡ ነው የሚመዙት፤ ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የኛ ክርክር የሰው ሕይወት ያለበት ክርክር ነው። ስለዚህ የየትኛውንም አገር አወቃቀር ስትመረምሩ ሦስት ጥያቄ ያዙ፦ እዚያ ቦታ ሕጉን ማን ያወጣል? ገንዘቡን ማን ይሰበስባል፣ ማንስ ያካፍላል? ጠብ ሲነሣ የመጨረሻው ዳኛ ማን ነው? ካርታና ባንዲራ ይህን አይነግራችሁም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እንግሊዝ ስል አንዷን ክፍል ብቻ ነው፤ ጠቅላላውን ብሪታንያ እላለሁ። የውጭውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ የኛን ዓ.ም. ብዬ።

ከአገባባቸው እንጀምር፤ ብዙው ነገር የተወሰነው ያኔ ነውና። ዌልስ በ1283 በጦር ተያዘች፤ ከዚያ በ1536 እና በ1543 በወጡ ሕጎች የእንግሊዝ ሕግ ሙሉ በሙሉ ተጫነባት። የራሷን ፍርድ ቤት ይዛ አልገባችም። እስከ ዛሬም እንግሊዝና ዌልስ አንድ የፍርድ ሥርዓት ናቸው። ስኮትላንድ ግን በሌላ በር ነው የገባችው። በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ የእንግሊዝንም ዘውድ ወረሰ፤ ሁለቱ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ንጉሣቸው አንድ፣ ምክር ቤታቸው ሁለት ሆኖ ኖሩ። በ1707 በድርድር ሲዋሐዱ ስኮትላንድ ፍርድ ቤቷንና ቤተ ክርስቲያኗን በውሉ ውስጥ አስጠበቀች። ውጤቱን ዛሬ ግላስጎው ላይ ታገኙታላችሁ። ከባድ ወንጀል የሚያዩት ከሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች እዚያ 15 ናቸው፤ ለንደን ላይ 12። ልጅ በወንጀል የሚጠየቅበት ዕድሜ በስኮትላንድ 12 ዓመት፣ በእንግሊዝና በዌልስ 10 ነው። ተደራድሮ የገባና ተሸንፎ የገባ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ልዩነታቸው ፍርድ ቤት ውስጥ ይታያል።

አየርላንድ በ1801 ተጨመረች፤ በ1922 አብዛኛው ክፍሏ ወጣ፣ ስድስቱ የሰሜን አውራጃዎች ቀሩ። የሰሜን አየርላንድ ጣጣ ከዚህ ይመነጫል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ያለው አሠራር የቆመው በ1998 ነው። የለንደኑ ፓርላማ ለስኮትላንድ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ ከሥልጣኑ ቆርሶ ሰጠ። አቆራረጡ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ለስኮትላንድ የተጻፈው ሕግ ለንደን ለራሷ የምታስቀረውን ይዘረዝራል፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ኢሚግሬሽን፣ የመገበያያ ገንዘብ። ያልተዘረዘረው ሁሉ የስኮትላንድ ነው። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለክልሎች የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ለፌዴራሉ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው። ለዌልስ ግን ተገልብጦ ተጻፈ፤ የተፈቀደላት ብቻ ተዘረዘረ፣ የቀረው የለንደን ሆነ።

ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን ያስከተለውን ተመልከቱ። የዌልስ ምክር ቤት የእርሻ ሠራተኞችን ደመወዝ የሚመለከት ሕግ አወጣ። እርሻ ተፈቅዶለታል። የለንደን መንግሥት ደግሞ «ይህ የእርሻ ሳይሆን የሥራ ቅጥር ጉዳይ ነው፣ ቅጥር አልተፈቀደልህም» ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 ለዌልስ ተፈረደ። አንድ ሥራ ሁለት ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ የተፈቀደውን ብቻ የሚዘረዝር ሕግ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ሙግት ይጠራል። በመጨረሻም በ2018 የዌልስ ሕግ ወደ ስኮትላንዱ ዓይነት ተቀየረ። የክልልና የፌዴራል ሥልጣን ዝርዝር ሲጻፍ አንድ ቃል ወዲህ ወይም ወዲያ ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ ሃያ ዓመት ያህል የፈጀ ማስረጃ ይኸው።

እንግሊዝስ? እንግሊዝ የራሷ ምክር ቤት የላትም። ከ650ዎቹ የለንደን ፓርላማ መቀመጫዎች 543ቱ የእሷ ናቸው፤ 57 የስኮትላንድ፣ 32 የዌልስ፣ 18 የሰሜን አየርላንድ። ስለ እንግሊዝ ትምህርት ቤት የስኮትላንድ ተመራጭ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለ ስኮትላንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝ ተመራጭ አይሰጥም። ይህን ለማስተካከል በ2015 የተጀመረው የድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት በ2021 ተሻረ። በኔ እምነት የብሪታንያ አወቃቀር ትልቁ ስንጥቅ ይህ ነው። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ድምር በብዙ እጥፍ ሲበልጥ፣ እኩል አባል ማድረግም ያስቸግራል፣ አለማድረግም ያስቸግራል።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ለንደን ለሦስቱ ክፍሎች የምታካፍለው ገንዘብ የሚሰላበት ባርኔት የሚባል ቀመር አለ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል። ለእንግሊዝ ጤና 100 ሚሊዮን ፓውንድ ቢጨመር፣ የስኮትላንድ ሕዝብ ከእንግሊዝ አንድ አሥረኛ ስለማይሞላ፣ ስኮትላንድ ከ10 ሚሊዮን በትንሹ ያነሰ ታገኛለች። ዌልስ በሕዝቧ ልክ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይደርሳታል፤ ለእሷና ለሰሜን አየርላንድ ደግሞ ለችግራቸው የሚታሰብ ማስተካከያ አለ። ብሩ ለጤና ተብሎ ቢሰላም ለትምህርት ወይም ለመንገድ ሊያውሉት ይችላሉ። ችግሩ የት ነው? ቀመሩ የሚያሰላው ለውጡን ብቻ እንጂ መነሻውን አይደለም፤ መነሻው ፍትሐዊ ካልነበረ እንደዚያው ይቀጥላል። ደግሞም እንግሊዝ ወጪዋን ስትቀንስ፣ ያልወሰኑት ሁሉ አብረው ይቀነሳሉ። ስኮትላንድ ግን ከ2017 ጀምሮ የገቢ ግብር እርከኗን ራሷ ስለምትወስን፣ ጥቂት መተንፈሻ አላት። ዘመድ እዚያ ያላችሁ ልዩነቱን ልትጠይቁ ትችላላችሁ፦ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካርዲፍና ግላስጎው በነፃ ነው፤ ለንደን ግን ነፃ ያልተደረገ ሰው ይከፍልበታል።

ሦስተኛው፣ ዳኛው። እዚህ ላይ ነው ብሪታንያንና ኢትዮጵያን ማነጻጸር የሚጠቅመው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕግ ዳኞች የተሞላ ነው፤ የሥልጣን ክርክር ሲመጣ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይፈርዳል። ዳኛው የሚያነበው ሕግ ግን የለንደኑ ፓርላማ በተራ ድምፅ ሊቀይረው የሚችለው ነው። ሰሜን አየርላንድ ከ1921 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ነበራት፤ በ1972 ለንደን አገደችው። «የምክር ቤቶቹ ፈቃድ ሳይኖር በጉዳያቸው ሕግ አናወጣም» የሚል ልማድ አለ፤ በ2020 ከአውሮፓ ኅብረት መውጫውን ሕግ ሦስቱም ምክር ቤቶች አንፈቅድም ሲሉ፣ ሕጉ ጸደቀ። የኛ ተቃራኒው ነው። ክልሎች በሕገ መንግሥቱ የቆሙ ናቸው፤ ፓርላማው በተራ ድምፅ አያነሣቸውም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አባላቱ የክልል ፖለቲካ የላካቸው ናቸው። እነሱ ጥሩ ዳኛና ልል ጽሑፍ አላቸው፤ እኛ ጠንካራ ጽሑፍና በጉዳዩ ውስጥ ያለ ዳኛ አለን። ቢመርጡኝ የኛን ጽሑፍ ከነሱ ዳኛ ጋር እወስድ ነበር።

ኳስ ለምትወዱ ባጭሩ፦ አራቱ ክፍሎች በዓለም ዋንጫ ለየብቻ የሚሰለፉት ማኅበሮቻቸው ከፊፋ በፊት ስለተመሠረቱ ነው። የጨዋታውን ሕግ በሚያወጣው ቦርድ ላይ እስከ ዛሬ ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ ለፊፋ አራት ድምፅ አለ፤ ለውጥ የሚያልፈው በስድስት ድምፅ ነው። ኦሊምፒክ ላይ ግን አንድ ቡድን ናቸው። ስዋንሲና ካርዲፍ የዌልስ ክለቦች ሆነው የሚጫወቱት በእንግሊዝ ሊግ ነው። በሁሉም መስክ የሚሠራ አንድ ድንበር የለም።

አሁን ከአራቱ ውጪ ወዳሉት እንለፍ። ጀርሲ፣ ገርንዚና የማን ደሴት የዘውዱ ናቸው እንጂ የብሪታንያ ክፍል አይደሉም። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ከጥንቱ የኖርማንዲ ግዛት የተረፉ ናቸው፤ ንጉሡ ዋናውን መሬት በ1204 ሲያጣ ደሴቶቹ ቀሩለት። የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ፣ ግብራቸውን ለራሳቸው ይሰበስባሉ፣ ለንደን ላይ ተመራጭ የላቸውም፤ መከላከያቸውና የውጭ ጉዳያቸው ግን የብሪታንያ ኃላፊነት ነው። የመጨረሻው ዳኛ የንጉሡ አማካሪ ጉባኤ የፍርድ ኮሚቴ ነው። ከዚያ ደግሞ 14 የባሕር ማዶ ግዛቶች አሉ፤ ጂብራልታር፣ ቤርሙዳ፣ ፎክላንድ፣ ሞንሴራት የመሳሰሉት። በአብዛኞቹ የአካባቢው ሕዝብ የመረጠው መንግሥትና ከለንደን የሚሾም አገረ ገዢ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አገረ ገዢው ለይስሙላ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ ተርክስና ካይኮስ በሙስና ሲታመስ ለንደን በ2009 የአካባቢውን መንግሥት አግዳ፣ እስከ 2012 በቀጥታ ገዝታዋለች።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ፎክላንድ በ2013 ድምፅ ሰጠች፤ ከ1,517 ድምፅ ሰጪ «ከብሪታንያ ጋር አንቀጥልም» ያለው 3 ሰው ብቻ ነበር። ብሪታንያም ይህን ይዛ የሕዝብ ፈቃድ ይከበር ብላ ትከራከራለች። የቻጎስ ደሴቶች ሰዎች ግን አልተጠየቁም። በ1965 ደሴቶቹ ከሞሪሸስ ተቆርጠው ተለዩ፤ ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ነዋሪው በሙሉ ተነቅሎ ወጣ፣ ዲየጎ ጋርሲያ ላይ የአሜሪካ ጦር ሰፈር እንዲሠራ። በ2019 የዓለም ፍርድ ቤት አለያየቱ ሕገ ወጥ ነበር የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ፤ በግንቦት 2025 ብሪታንያና ሞሪሸስ ደሴቶቹን የማስረከብ ውል ፈረሙ። ያኔም የተፈናቀሉት ሰዎች በድምፅ አልተጠየቁም። አንዱ ደሴት ሲጠየቅ ሌላው የማይጠየቅበት አሠራር፣ ሕግ ተብሎ ቢጻፍም ለኔ ፍትሕ አይደለም።

ከትንንሾቹ ሳልወጣ፦ እንግሊዝ ውስጥ የኮርንዎል ሕዝብ በ2014 የብሔራዊ አናሳነት እውቅና አግኝቷል፤ ያለው ግን እንደማንኛውም አካባቢ ተራ የአካባቢ ምክር ቤት ነው። ከሰሜን ሸዋችን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትወጡ የምታገኙት፣ ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ ሆኖ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው፣ በኦሮምኛ ይሠራል። በዚህስ እኛ ቀድመን ሄደናል፤ ሲነገር ግን አልሰማም።

የመጨረሻው፣ መውጫው በር። ስኮትላንድ በ2014 ድምፅ የሰጠችው ለንደን ሥልጣኑን ለጊዜው ስላዋሰቻት ነው፤ 55 ከመቶው እንቆይ አለ። ሁለተኛ ልትጠይቅ ስትል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2022 ያለ ለንደን ፈቃድ አትችይም አላት። ስለዚህ የስኮትላንድ በር በሕግ አልተጻፈም፤ ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ነው። የኛ አንቀጽ 39 ደረጃ በደረጃ ይጽፈዋል፦ የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ፌዴራል መንግሥቱ የሚያዘጋጀው ሕዝበ ውሳኔ፣ አብላጫ ድምፅ፣ የሥልጣን ርክክብ፣ የንብረት ክፍፍል። ክልል ለመሆን ደግሞ አንቀጽ 47 አንድ ዓመት ይሰጣል፤ ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠው በዚህ መንገድ ነው። የንብረት ክፍፍሉን ግን አንቀጽ 39 «በሕግ መሠረት» ብሎ ለሌላ ሕግ ያስተላልፈዋል። ዕዳው፣ ግድቡ፣ ድንበር ላይ ያለው ከተማ፣ ሁሉም እዚያ ሁለት ቃል ውስጥ ነው ያለው።

ሰሜን አየርላንድ በመካከል ናት። በሚያዝያ 1998ቱ ስምምነት ሕዝቧ ብሪታንያዊ ወይም አየርላንዳዊ፣ ወይም ሁለቱንም መሆን ይችላል። አብዛኛው ከአየርላንድ ጋር መዋሐድን ይደግፋል ብሎ ሲያምን፣ የለንደኑ ሚኒስትር ሕዝበ ውሳኔ የመጥራት ግዴታ አለበት፤ አንዴ ከተካሄደ፣ በእሱና በሚቀጥለው ሕዝበ ውሳኔ መካከል ቢያንስ ሰባት ዓመት ማለፍ አለበት። በምን ለክቶ እንደሚያምን ግን ሕጉ አይልም። የምርጫ ውጤት ይሁን፣ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይሁን፣ የምክር ቤቱ ድምፅ ይሁን፣ ተለይቶ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ግዴታው ቢኖርም፣ ጊዜው ደረሰ የሚለው ያው ሚኒስትሩ ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሰንብቱ።